ስለ አንድ የዳዊት ማኅደር

በ2017 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር፥ በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች አካባቢ ምድር ቀንና ሌሊት እየደጋገመች ስትናወጥ፥ በአዋሽ ሰባት ኪሎ የምንኖር ሰዎች ሌሊቱን በደጅ ማሳለፍ ልማድ ሆኖብን ነበር። ከእነዚያ ሌሊቶች በአንዱ ግድግዳው ሲንቀጠቀጥ ባለቤታችን ሕፃኑን አቅፋ፥ ታላቁ ልጃችንም የእኅቱን እጅ ይዞ ወጡ። እኛም ልንከተላቸው ስንል፥ ከወለዱን አባታችን የወረስነው ዳዊት ከነማኅደሩ በግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ስላየነው፥ ጥለነው ለመውጣት ልባችን አልፈቀደምና ማንገቻውን ይዘን ሳብነው። ማንገቻው እንደ ደረቅ ጭራሮ ቀጭ ብሎ ተሰበረ፤ ቁራጩ በእጃችን ቀረ፤ ማኅደሩም መጽሐፉን እንደ ያዘ በሲሚንቶው ወለል ላይ ወደቀ።

በቸርነቱ ከቤተ ሰባችን ማንም አልተጎዳም። ሲነጋ ግን የተሰበረውን ማንገቻ በፀሐይ ብርሃን አገላብጠን በተመለከትነው ጊዜ፥ ጥፋቱ የምድር መናወጥ እንዳልሆነ ዐወቅን። ቆዳው ከውስጥ ደርቆ፥ ከላይ ደግሞ እንደ ቫርኒሽ ያለ ጥቁር ቅርፊት ለብሶ ነበር። ያን ቅርፊት ያለበስነው እኛው ራሳችን ነን፤ ያለበስነውም እንጠብቀዋለን ብለን ነው። ውድ አንባብያን በየቤታችሁ የአባት ዳዊት፥ የእናት አገልግል፥ ወይም የልጆች የትምህርት ቤት ጫማ ሳይኖራችሁ አይቀርምና፥ የደረሰብንን ብንነግራችሁ ትጠቀሙበት ይሆናል ብለን አሰብን።

የወለዱን አባታችን በመንዝ ደጋ የገጠር ቄስ ነበሩ። ዳዊቱ በብራና የተጻፈ፥ ገበታው የዋንዛ እንጨት፥ ድጉሱም ቀይ የፍየል ቆዳ ነው። ማኅደሩ ከወፈር ካለ ቆዳ ተሰፍቶ፥ ክዳኑ በጠፍር የሚታሠር፥ ማንገቻውም ለትከሻ የሚበቃ ሆኖ የተሠራ ነው። አባታችን ወደ ለቅሶም ወደ ክርስትናም ሲሄዱ ያንን በጎናቸው አንግተው ይሄዱ ነበር። በየዓመቱ መስቀል ካለፈ በኋላ፥ ዝናሙ ቆሞ አየሩ ሲደርቅ፥ ከበራፍ ላይ ተቀምጠው መጽሐፉን ያወጡና በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው በአልጋ ላይ ያኖሩታል። ከዚያም የባቄላ ፍሬ የምታህል ሰም በመዳፋቸው መካከል እስክትለሰልስ ያሹና ባዶውን ማኅደር በእጃቸው ይዳብሱት ነበር። ያ ሥራ ከጥቂት ደቂቃ በላይ አይፈጅባቸውም። እኛ በዚያ ዘመን የድቁና ትምህርት የጀመርን ልጅ ነበርንና፥ ዓይናችን ሰሙ ሲያልቅ በሚሰጡን ቆሎ ላይ ነበረ።

ይህን ማኅደር የሠራው ሰው ስሙ አይታወቅም። በአገራችን ቆዳ የሚያለፋውን ሰው «ፋቂ» እያሉ መናቅ የቆየ ክፉ ልማድ ነበረ። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሙያ ያለውን ሰው በሙያው የሚሰድብ እንዳይኖር በዐዋጅ መከልከላቸው ስድቡ ምን ያህል ሥር ሰዶ እንደ ነበረ ያሳያል። ያ የተናቀ ሰው ግን ፀጉሩን አራግፎ፥ በእምቧይ ፍሬና በግራር ልጥ አልፍቶ፥ በእግሩ ረግጦ ያዘጋጀው ቆዳ በካህኑ ደረት ላይ ተሰቅሎ መቅደስ ደጃፍ ድረስ ይገባ ነበር። ይህንን ስናስብ አሁንም እናፍራለን። ወደ ነገራችን እንመለስ።

በ2003 ዓ.ም. በመምህርነት ወደ ሰመራ ተመደብን። ሰመራ በአሳይታ ፈንታ የአፋር ክልል ርእሰ ከተማ እንድትሆን ከሎግያ አጠገብ በገላጣ ሜዳ ላይ የተቆረቆረች አዲስ ከተማ ናት፤ በበጋው ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል። የተከራየነው ቤት በብሎኬት የተሠራ፥ ጣራው ቆርቆሮ ነበረ። ዳዊቱን የሰቀልነው በምዕራቡ ግድግዳ ላይ ነው፤ ለምን ቢሉ ምስማር ተመትቶ ያገኘነው በዚያ ብቻ ስለ ሆነ ነው። ከቀትር በኋላ ያ ግድግዳ እንደ ምጣድ ይግላል፤ እጅን አስደግፎ ለመቆም እንኳ አያስችልም። በሁለተኛው ዓመት ማንገቻው መድረቅና መንቃቃት ጀመረ።

ጎረቤታችን አንዲት አፋር አሮጊት ነበሩ። ልጆቻቸው በከተማው በመንግሥት ሥራ ላይ ስለ ነበሩ እሳቸውም ከእነርሱ ጋር ይኖራሉ እንጂ፥ ዕድሜያቸውን ያሳለፉት ከግመልና ከፍየል ጋር ነው። በጎጆአቸው ጥላ ሥር አሁን ውኃ የማይቀዳበት አንድ የቆየ እርኮት ተሰቅሎ ይታይ ነበር። ውኃውስ ዛሬ በጄሪካን ነው፤ ነገር ግን እርኮቱን አልጣሉትም። አንድ ቀን ለልጃችን ወተት ይዘው መጡና ማኅደሩን በጣታቸው ዳሰሱት።

«መምህር» አሉን፥ «ይህ ቆዳ ፀሐይ መትቶታል። ከዚህ ግድግዳ አንሣው።»

«ደርቆ ነው እናቴ፤ ዘይት እናጠጣዋለን» ብለን መለስን።

«መጀመሪያ አንሣው። ዘይቱ ይቆይ» አሉ።

እኛም በትሕትና ራሳችንን ነቀነቅን፤ በልባችን ግን የተማርን ነንና ፈገግ አልን። ያን ማታ ከማድ ቤት የኑግ ዘይት ግማሽ ብርጭቆ አምጥተን፥ መጽሐፉን ከውስጡ እንኳ ሳናወጣ፥ ማኅደሩን እስኪጠግብ ድረስ በጨርቅ እየነከርን ቀባነው፤ ቀብተንም በዚያው ምስማር ላይ መልሰን ሰቀልነው።

ለአንድ ሳምንት መልኩ አማረ፤ ቆዳውም ለሰለሰ። በሦስተኛው ሳምንት ሲዳስሱት እጅን ይይዝ ጀመር። የሰመራ አቧራ ደቃቅ ነውና ሁሉም ተለጠፈበት። በመጨረሻ ያ ሙጫ የመሰለ ነገር ደርቆ ቅርፊት ሆነ። ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ግን መጽሐፉን ስናወጣ ያየነው ነው፦ ዘይቱ በስፌቱ በኩል ሰርጎ በድጉሱ አልፎ፥ የመጀመሪያዎቹን ቅጠሎች ዳርቻ እንደ ሻይ ጠብታ አቅልሞ ነበር።

ነገሩ እንዴት እንደ ሆነ የተረዳነው ቆይቶ፥ ከመጻሕፍትም ከሰውም ጠይቀን ነው። ቆዳ እጅግ ቀጫጭን በሆኑ ጅማቶች የተሠራ ድር ነው። ጅማቶቹ አንዱ በሌላው ላይ ሲንሸራተቱ ቆዳው ይታጠፋል፤ ውኃው ጨርሶ ሲወጣ ግን እርስ በርሳቸው ይጣበቁና ቆዳው ሲታጠፍ ይሰበራል። ቅባት የሚጠቅመው ጅማቶቹ እንዳይጣበቁ በመካከላቸው ገብቶ እንዲያንሸራትታቸው ነው። የወጣውን ውኃ ግን አይተካም፤ ሙቀት ያጎዳውንም ጅማት መልሶ አይሠራም። ስለዚህ በጋለ ግድግዳ ላይ የተሰቀለን ቆዳ ዘይት መቀባት፥ እሳት ላይ ያለን ድስት ሳያወርዱ ውኃ እንደ መጨመር ያለ ሥራ ነው። ጎረቤታችን «መጀመሪያ አንሣው» ያሉት ስለዚህ ነበረ።

ሁለተኛውም ስሕተታችን በዘይቱ ምርጫ ነው። ዘይት ሁሉ አንድ ጠባይ የለውም። የተልባ ዘይት ከአየር ጋር ሲገናኝ እየወፈረ ሄዶ ይደርቃል፤ ሠዓሊዎች ቀለማቸውን በእርሱ የሚለውሱት ስለዚህ ነው። የኑግና የሱፍ ዘይትም ቀስ ይበሉ እንጂ በዚያው መንገድ ይሄዳሉ። በሰመራ ሙቀት ደግሞ ይፈጥናሉ። እኛ ቆዳውን ያለሰለስን መስሎን ቀለም ቀባነው ማለት ነው። ቅቤስ? ቅቤ አይደርቅም፤ ነገር ግን ይሸታል፥ አይጥና ተባይም ይጠራል። ዘወትር በሰው እጅ ለሚታሽ ዕቃ ይስማማው ይሆናል እንጂ በግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ለሚውል ማኅደር አይሆንም።

ጥፋታችንን ለማረም ያደረግነው ከጥፋቱ የከፋ ለመሆን ጥቂት ቀርቶት ነበር። አንድ ወዳጃችን ቅርፊቱን ነጭ ጋዝ ያነሣዋል ብሎን፥ በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ቀድተን አመጣንና ከጠረጴዛው ሥር አኖርነው። ያን ጊዜ ሦስት ዓመት የሆነው ታላቁ ልጃችን ጠርሙሱን አንሥቶ ወደ አፉ ሲያስጠጋ ባለቤታችን ደረሰች። አልጠጣም። እኛ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ የልጁን ፊት ስናይ ጠርሙሱ ትዝ ይለናል። ነጭ ጋዝ የጠጣ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ የሚጎዳው ጋዙ በሳልና በትውከት ወደ ሳንባው ሲገባ ነው፤ ስለዚህ እንዲያስመልስ ማስገደድ አይገባም፥ ፈጥኖ ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ ነው እንጂ። ባለቤታችን ጠርሙሱን ከቤት አስወጥታ «ልጅ ባለበት ቤት ልጅ የማይነካው ነገር ለቆዳ አይገዛም» ብላ ቈረጠች። ያ ፍርድ በቤታችን እስከ ዛሬ ጸንቶአል። ቤንዚኑም፥ በረኪናውም፥ ሽታው ራስ የሚያዞረው የጫማ ቀለምም በዚሁ ፍርድ ተባረሩ።

ፍርዱ ከቤታችን አልፎ ወንዛችንንም የሚነካ መሆኑን የተረዳነው በ2012 ዓ.ም. ወደ አዋሽ ከተዛወርን በኋላ ነው። ዛሬ በዓለም ከሚለፋው ቆዳ አብዛኛው የሚለፋው በልጥ ሳይሆን ክሮም በሚባል የማዕድን ጨው ነው። በአገራችንም ብዙ የቆዳ ፋብሪካዎች በሞጆ ከተማ ይገኛሉ። የሞጆ ወንዝ ወደ ቆቃ ሐይቅ ይገባል፤ ቆቃም የአዋሽ ወንዝ ግድብ ነው። በዚያ የሚገባው ፍሳሽ ወንዙንና ሐይቁን እንደሚበክል የመረመሩት ሰዎች ደጋግመው ጽፈዋል። አዋሽ ከግንጪ ደጋ ተነሥቶ 1200 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጕዞ፥ ባሕር ሳይደርስ፥ በአፋር ምድር በአቤ ሐይቅ ያልቃል። ላይኛው አገር የጣለው ሁሉ መውጫ ስለሌለው ከታችኛው አገር ይቀራል። አንድ ቤት የሚደፋው የጫማ ቀለም ከፋብሪካ ፍሳሽ ጋር አይወዳደርም፥ እውነት ነው። ቢሆንም በታችኛው አገር ለሚኖር ሰው የላይኛውን እየወቀሱ የራስን ባልዲ በጓሮ መድፋት አያምርም።

ከዚያ ሌሊት መናወጥ በኋላ ማኅደሩንና ዳዊቱን ይዘን አዲስ አበባ ሄድን፤ የብራና መጻሕፍትን ለሚጠግን አንድ ባለሙያም አሳየን። ሰውየው ዳዊቱን ገለጥ ገለጥ አድርጎ፥ «ይህን ማን ቀባው?» አለ። «እኛ» አልን። አልተቈጣም። የነገረን በአጭሩ ይህ ነው፦ ብራና ቆዳ ነው እንጂ የለፋ ቆዳ አይደለም፤ ተወጥሮ፥ ተፍቆ የደረቀ ነው። ስለዚህ ለቆዳ የሚሆነው ለብራና አይሆንም። ውኃ ያንሻፍፈዋል፤ እርጥብ ሆኖ 60 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ካገኘው ይኮማተራል፤ ዘይት ከገባበትም ሳይጎዱ ማውጣት አይቻልም። ጥንታዊውን ድጉስም ቢሆን መቀባት ዛሬ የሚመከር አይደለም። እኛን ለማጽናናት ይመስላል፥ በብሪቲሽ ሙዚየም ስም የሚጠራ የታወቀ የቆዳ ቅባት እንደ ነበረ ነገረን። የበግ ፀጉር ስብ፥ ሰም፥ የዝግባ ዘይትና በቀላሉ የሚነድ ሄክሳን የሚባል ፈሳሽ ተቀላቅለውበት፥ በ20ኛው መቶ ዘመን ብዙ ቤተ መጻሕፍት ድጉሳቸውን ሲቀቡበት ኖሩ። በኋላ ግን ቆዳውን ሲያጠቁር፥ ሲያጣብቅና አቧራ ሲሰበስብ ስላዩት ተዉት። ታላላቆቹም እንደ እኛ ወድደው አበላሽተዋል።

ስለዚህ መጽሐፉ በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ተጠቅልሎ ያለ ምንም ቅባት እንዲቀመጥ፥ ማኅደሩ ግን የዘወትር ዕቃ ስለ ሆነ በቤታችን እንድናድሰው ፈቀደልን። ሥራውን የሠራነው በአዋሽ፥ በጥላ ሥር፥ በአንድ የቅዳሜ ቀን ነው። ማኅደሩን ባዶ አድርገን አስቀድመን ደረቁን አቧራ በለስላሳ ብሩሽ አራገፍን፤ አቧራው ሳይነሣ እርጥብ ጨርቅ የነካው እንደ ሆነ ጭቃ ሆኖ ወደ ቀዳዳዎቹ ይገባልና። ከዚያ የመምህር ቤት የማይጠፋበትን ላጲስ በትንሹ ፈርፍረን፥ ፍርፋሪውን በቅርፊቱ ላይ በጣት ጫፍ አሽከረከርነው። ፍርፋሪው እየጠቆረ ወደቀ። ሦስት ላጲስ አለቀ። ልጆቹ ይህን ሥራ ወደዱት። ከቅርፊቱ ግማሽ ያህል ተነሣ፤ የቀረውን በግድ ብንፍቀው ቆዳው አብሮ ይነሣ ስለ ነበረ ተውነው። ዘይቱ በፈሰሰ በዚያው ቀን ቢሆን ኖሮ ግን ጠመኔ ፈጭተን በላዩ ብንነሰንስበትና ሌሊቱን ብናሳድረው ብዙውን ይመጥልን ነበር። በሰመራ ጠመኔው በኪሳችን ነበረ፤ ዕውቀቱ ነበር የጎደለ።

ከዚያ በኋላ ጨርቅ በንጹሕ ውኃ ነክረን፥ እስኪጠፋ ጨምቀን፥ አንድ ጊዜ ብቻ አበስነው። ውኃው የዝናም ውኃ ቢሆን ይመረጣል፤ የሸለቆአችን የጕድጓድ ውኃ ጨው ስለሚበዛበት ሲደርቅ ነጭ ምልክት ይተዋል። የልብስ ሳሙና አላስነካነውም፤ ቆዳ በጠባዩ ጥቂት ወደ ኮምጣጣ ያደላ ስለ ሆነ ኃይለኛ ሳሙና ያበላሸዋል። በብረት ዕቃ የዛገ ውኃም እንዲሁ አይሆንም፤ በልጥ የለፋ ቆዳ ብረት ሲነካው ይጠቁራል። አብሰን ስንጨርስ በነፋሻ ጥላ ሁለት ቀን አቆየነው። ፀሐይ ላይ ለማስጣት እጅ ይቸኵላል፤ ግን ያን ያህል ከለፋን በኋላ እንደገና ከምዕራቡ ግድግዳ መስቀል ይሆን ነበር።

ቅባቱን ያዘጋጀችው ባለቤታችን ናት። ጠጅ ከምትጥል ጎረቤት ሰፈፍ አምጥታ፥ በውኃ አፍልታ፥ በወፍራም ጨርቅ አጠለለችው። ሲቀዘቅዝ ሰሙ እንደ ቂጣ ረግቶ በላይ ተንሳፈፈ። ዛሬ በገበያ ሰም ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ የንብ አይደለም፤ ማር ማር የማይሸት ከሆነ መተው ይሻላል። ከሰሙ አንድ እጅ፥ ከጉሎ ዘይት ሁለት እጅ መዝና በቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ አደረገች፤ ጣሳውን ደግሞ የሞቀ ውኃ ባለበት ድስት ውስጥ አቆመችው። ሰም ከ60 ዲግሪ ጥቂት ከፍ ሲል ይቀልጣልና እሳት ላይ በቀጥታ መጣድ አያስፈልግም፤ የጋለ ሰምም እሳት ይይዛል። ደጋ ለሚኖሩ ዘይቱን ሦስት እጅ ቢያደርጉት ለእጅ ይለሰልሳል፤ ለቆላችን ሁለቱ ይበቃል። የጉሎን ዘይት የመረጥነው እንደ ኑግ ስለማይደርቅ ነው፤ ቀደምት ባለ ሙያዎችም ቆዳን በእርሱ ሲያለሰልሱበት ኖረዋል።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አንችልም። የጉሎ ዘይቱ ሰላማዊ ቢሆንም ፍሬው ግን የታወቀ መርዝ አለበት። ዘይቱ ሲወጣ መርዙ ከጕላጁ ጋር ይቀራል። ስለዚህ ዘይቱን የተዘጋጀውን መግዛት እንጂ በቤት መጭመቅ፥ ፍሬውን ልጆች በሚጫወቱበት ማስቀመጥ፥ ወይም ጕላጁን ለፍየል መስጠት አይገባም። የአገር ቤት ነገር ሁሉ ጉዳት የለውም የሚሉ ሰዎች እንዶድንም ያስታውሱ። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. በዓድዋ ልብስ በእንዶድ ከሚታጠብበት በታች ባለው ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ፤ እንዶድ ቢልሃርዝያን የሚያዛምተውን ቀንድ አውጣ የሚገድል መሆኑም ከዚያ ታወቀ። ታላቅ ግኝት ነው። ይኸው እንዶድ ግን ዓሣንም ይገድላል። ከምድራችን የበቀለ መሆኑ ብቻ ለልጅ አፍ የሚሆን አያደርገውም።

ቅባቱ ከረጋ በኋላ የባቄላ ፍሬ ያህል ወስደን በጥጥ ጨርቅ አደረግንና ማኅደሩን በሥሡ ዳበስነው። አስቀድመን ግን በማይታየው በታችኛው በኩል ሞክረነዋል፤ ቆዳ ሲቀባ ይጠቁራልና። ሌሊቱን አሳድረን በማግሥቱ የተረፈውን በደረቅ ጨርቅ አነሣን። እጃችን ጣሳውን እንደገና ሲፈልግ ባለቤታችን ክዳኑን ገጠመችበት። ማንገቻውን ግን የሚያድነው አልነበረም። የጣቢያው ሰፈር ጫማ ሰፊ ከአዲስ ቆዳ ቈርጦ፥ በወስፌ ወግቶ፥ ሰም በተቀባ ክር ሰፋልን። አሮጌዎቹን ቀዳዳዎች አልነካም፤ አዲስ ቀዳዳም አላበዛም። ዋጋውን ስንጠይቀው የዳዊት ማኅደር መሆኑን ዐውቆ የክሩን ብቻ ተቀበለን።

ለሌላው የቤት ዕቃ ይህን ያህል ድካም የለበትም። በዕቃው ላይ በማይታይ ቦታ አንዲት የውኃ ጠብታ ጣል አድርጉ፤ ቆዳው ከጠጣትና ከጠቆረ ሥሥ ቅባት ይቀበላል። ጠብታዋ እንደ ዕንቍ ተንከባላ ከቀረች ፊቱ በፋብሪካ የተለበጠ ስለ ሆነ በላዩ የሚቀባው አይገባም፤ እርጥብ ጨርቅ ይበቃዋል። ከላስቲክ የተሠራ አስመሳይ ቆዳ ከሆነ ደግሞ ሰሙን አታባክኑ። ላብና ጨው ነጭ መስመር ያወጣበት ጫማ፥ ኮምጣጤ ከእኩል ውኃ ጋር ተቀላቅሎ በጨርቅ ቢታበስ ይለቃል፤ ሎሚ ግን ቀለሙን ያነጣዋል። በደጋ በክረምት የሚሻግተውንም ቆዳ ሻጋታው ወደ ሳንባ እንዳይገባ በደጅ አራግፎ በዚሁ ኮምጣጤ ማበስ ነው። አገልግል ከውጭ በሰም ብቻ ይዳበሳል። ውስጡ እንጀራ የሚነካው ስለ ሆነ ደረቅ ጨርቅ እንጂ ዘይት አይገባውም፤ የጉሎ ዘይት ሆድ እንደሚያስኬድ ያላየ የለምና።

ታላቁ ልጃችን አሁን ዳዊት ይደግማል። ሲነበብ የሚውለው የኅትመቱ ነው፤ በበዓል ቀን ግን የአያቱን እንዲገልጥ እንፈቅድለታለን፥ እጁን ታጥቦና አድርቆ። በትንሣኤው ሰሞን የመጀመሪያውን ቅጠል ገልጦ በዳርቻው ያለውን ቡናማ ነጠብጣብ አየና፥ «አባባ፥ ይህ የአያቴ የጧፍ ሰም ነው?» ብሎ ጠየቀን። አዎን ብንለው ኖሮ ነገሩ እዚያ ላይ ባለቀ ነበር። ዘይቱን የቀባነው እኛ መሆናችንን፥ የጠርሙሱንም ነገር ጨምረን ነገርነው። የጠርሙሱን አላስታወሰም። ጣቱን በነጠብጣቡ አጠገብ አድርጎ ጥቂት ዝም አለና ቅጠሉን ገለጠ።

በዚያው ዓመት በዐቢይ ጾም ወራት ለትምህርት ቤት ጉዳይ ወደ ሰመራ ሄደን ነበር። በገዋኔና በሚሌ በኩል ስንጓዝ ከቅባቱ ትንሽ ጣሳ ይዘን ነበር። ሰመራ ደርሰን የድሮ ጎረቤታችንን ጠየቅን፤ በሕይወት አሉ። በዚያ ዓመት ረመዳንና ዐቢይ ጾም ተገጣጥመው ስለ ነበር እሳቸውም እኛም ጾመኞች ሆነን፥ ቡና ሳይፈላ ከጥላው ሥር ተቀመጥን። እርኮቱ በቦታው ነበረ። ማኅደሩን አሳየናቸው። አዲሱን ማንገቻ ጐተት ጐተት አድርገው ቆዩና፥

«ከግድግዳው አነሣኸው?» አሉን።

«አነሣነው እናቴ፤ ዘግይተን ነው እንጂ።»

የባላቸው የጊሌ ሰገባ ደርቆባቸው ኖሮ ጣሳውን ተቀበሉን። በማግሥቱ ጧት ልንሳፈር ስንል የልጅ ልጃቸው እየሮጠ መጣ፤ ጣሳው ታጥቦ እስከ አፉ የፍየል ቅቤ ተሞልቶበታል። «ይህ ለልጆቹ ነው፥ ለቆዳ እንዳታደርገው» ብለውሃል አለን። ጾም ስለ ነበር ባለቤታችን በኮረሪማ አንጥራ እስከ ፋሲካ አኖረችው።